በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ክር

ማክሰኞ፣ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ፍኖተ ሰላም፣ በእናቴ ቤት፣ የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ ከውስጡ አንድ ካርቶን ወጣ።

ግንበኛው ዶማውን አስቀምጦ ካርቶኑን በሁለት እጁ አወጣው። በአቡጀዲ ተጠቅልሏል። የአቡጀዲውን ጫፍ ምስጥ በልቶታል፤ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቀም።

«እማማ፣ ወርቅ ቀብረው ረስተውት ኖሯል እንዴ?» አለ እየሳቀ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

«አስቀምጠው። እንዳትፈታው» አለችው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አንችም እንዳትነኪው።»

በዘጋቢነት ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አትንኪ የተባልኩትን ነገር አልነካም፤ ምን እንደሆነ ግን እጠይቃለሁ።

«ምንድን ነው?»

«ሽቶ ነው።»

«ሽቶ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ታስሮ ነው» አለችና ወደ ግቢው ወጣች።

የመጣሁት ክረምቱ የበላውን ግድግዳ ለማሠራት ነበር። አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ ሁለቱ መንገድ እስኪከፈት በመጠበቅ አልቀዋል። በዚያ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቀው፤ መኪና ወጣ ወይ? መኪና ገባ ወይ? ባጃጆቹ እንኳ ቆመው ሲጠብቁ ሞተራቸውን አያጠፉም ነበር። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ተቀምጬ መስማት የቻልኩት እናቴ ታሪኩን ስትነግረኝ ብቻ ነው፤ እሷም በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። ግማሹን ልብስ ስታሰጣ፣ ግማሹን ከዙህር ሶላት በኋላ ነገረችኝ። በቅደም ተከተል ሳስቀምጠው እንዲህ ነው።

እናቴ ከማግባቷ በፊት ጀምሮ በአባቷ የጨርቅ መደብ ትሸጥ ነበር። ከመደቡ አጠገብ መሬት ላይ አንዲት ልጅ ፈትል ይዛ ትቀመጣለች። ልጅቱ የቡሬ ገጠር ልጅ ነች፣ ክርስቲያን፣ ቤተሰቦቿ አዊኛ ተናጋሪ። በልጅነቷ አዲስ አበባ ተልካ በአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቤት ሠርታለች። መንግሥት ሲለወጥ ፈረንሳዮቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እመቤቲቱ ስትሰናበት ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ከነካርቶኑ ሰጠቻት። ልጅቱ ካርቶኑን ይዛ አገሯ ተመለሰች፤ ጥጥ እየፈተለች ለገበያ ታወጣ ጀመር።

«ቆሎ አብረን እንቆረጥም ነበር» አለች እናቴ። «አዊኛ አስተማረችኝ። እኔ ደግሞ ጨርቅ በጣት እየዳሰሱ መለየት አስተማርኳት።»

እናቴ ስታገባ ፈታይዋ ካርቶኑን በአቡጀዲ ጠቅልላ አመጣችላት። ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም። እናቴ ከፍታ አየችው፣ አደነቀችው፣ መልሳ በሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። የሚለበስ ልብስ ያለው ሰው ነው ሽቶ የሚቀባ፤ ለበዓል ይሆናል ብላ።

የመጀመሪያው ፅንስ ወረደ። ሁለተኛው በሰባት ወሩ ሞቶ ተወለደ። አማቷ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ የሙሽራይቱን ሣጥን ገለባብጠው ፈተሹ። ጠርሙሱን አገኙት። አንገቱ ላይ ስስ ደረቅ ቆዳ ለብሷል፤ በቆዳው ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል፤ ከክሩ ጫፍ ላይ ፊደል ያለበት ማኅተም አለ።

«"ቆዳ አልብሳ፣ አንገቱን በክር አንቃ፣ ማኅተም መትታበት! ማኅፀንሽን ነው ያሰረችው" አሉኝ» አለች እናቴ። «ደግሞ ፈታይ ናት። ክር ከእጇ አይጠፋም።»

«አባቴስ ምን አለ?»

«አባትሽማ "እናቴ ካሉ" አለ።»

በእኛ አገር የታሰረ ነገር በዘፈቀደ አይፈታም። የታሰረበት ሰው ከፈታው ይብስበታል፤ ከጣለው የረገጠው ሰው ይያዛል። መፍታት ያለበት ያሰረው ሰው ነው። ስለዚህ አማቷ ካርቶኑን ከነአቡጀዲው በጓዳው ግድግዳ ቀዳዳ ከትተው በጭቃ መረጉት። በማግስቱ ገበያ ወጥተው ፈታይዋን በሰው ፊት፣ «ሁለተኛ እዚህ መደብ እንዳትደርሺ፣ አሳሪ!» አሏት።

«አንችስ የት ነበርሽ?»

«እዚያው።»

«ምን አልሽ?»

«ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር» አለች እናቴ።

በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። በጤና።

ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። እንደ ማንኛውም መረጃ ነው የነገረችኝ። «ለዚህ ነው አማቴ ተሳሳቱ ማለት ያልቻልኩት። አንች ነሽ ማስረጃው» አለች።

በሥራዬ ብዙ ዓይነት ማስረጃ አይቻለሁ፤ ራሴ ማስረጃ ሆኜ ግን አላውቅም። አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መጣ ማለት በእሱ ምክንያት መጣ ማለት አይደለም። ይህን ለጀማሪ ዘጋቢዎች ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ለእናቴም ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «እሱስ ልክ ነሽ» አለች፤ ግን እየተንቆራጠጠች ነበር። ከወንበር ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። በመጨረሻ የሚያስጨንቃትን ተናገረች።

«አማቴ ልክ ከሆኑ የሰው ክፉ ሥራ አርባ ዓመት ቤቴ ውስጥ አቅፌ ተኝቻለሁ። ከተሳሳቱ ደግሞ ያች ልጅ ሐቋ እኔ ላይ ነው። የሰውን ሐቅ አላህም ቢሆን ባለቤቱ አፉ ካላለ አይምርም። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ረቡዕ ጠዋት ካርቶኑን እንድከፍተው ፈቀደች። ክሩን እንዳልነካ አስማለችኝ። እሷ ከበረንዳው ጫፍ ቆማ ታየኛለች።

ከውጭ ያለው ቀፎ ወደ ላይ የሚወልቅ ነው። ወረቀቱ ግራጫ ሲሆን በላዩ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ የብር ቀለም ቅጠሎች ታትመውበታል። ጣቴን ሳሳልፍበት እያንዳንዱ ቅጠል ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ወረቀቱ ከጀርባው ተረግጦ ነው የተሠራው። ቀፎውን ሳወጣው አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚገባ አይቸኩልም፤ የሚወጣው በራሱ ጊዜ ነው። ከውስጡ ያለው ሣጥን እንደ መስኮት ሁለት ትንንሽ በር አለው፤ በሮቹን የሚያያይዛቸው የጣት ስፋት የሌለው ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ ሲሳብ በሮቹ አብረው ይከፈታሉ። ውስጡ የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው ከፋይ ጨርቅ ነው። ከፋዩ የጠርሙሱን ወገብና ትከሻ ልክ ይዞ ጎድጉዷል፤ ጠርሙሱ ቢነቀነቅ አይንኳኳም።

ብርሌ አውቃለሁ፤ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ ክብ፣ ተነፍቶ የተሠራ። ይኼኛው ተነፍቶ ብቻ አልቀረም። አራት ማዕዘን ነው፤ ጎኖቹ ከላይ እስከ ታች በቀጭን ሸንተረር ተፈልፍለዋል፤ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዷል። ክዳኑ ከብርጭቆ የተሠራ ነው፤ ገና ያልተፈታ አበባ ይመስላል። የስሙ ወረቀት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ዳሩ የወርቅ ቀለም ነው። ሽቶው አንድ ሦስተኛ ያህል ጎድሎ የከረመ ጠጅ መስሏል። ጠርሙሱን በሻሽ ይዤ ገለበጥኩት። ከመቀመጫው ጥግ ላይ አንድ ሰው በእጁ የቀረጸው ቁጥር አለ። አርባ ሰባት ይላል።

ዕቃውን የሠራው ሰው ዓላማ ገባኝ። የሚከፍተውን ሰው እጅ ደረጃ በደረጃ እያዘገመ ወደ አንገቱ ያደርሰዋል። እኛ ቤት ግን እጅ ሁሉ አንገቱ ላይ ሲደርስ ፈርቶ ተመልሷል። ፍርሃቱ ደግሞ ዕቃውን ጠበቀው። ብርሃን የለም፣ ሙቀት የለም፣ እጅ የለም። በሙዚየም ቢቀመጥ ከዚህ የተሻለ አይቆይም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሄድኩ። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ተመሳሳይ ጠርሙሶችን እያመሳከርኩ የቻልኩትን ያህል አነበብኩ፤ ሁለት የተለያዩ ምንጮች የተስማሙበትን ብቻ ያዝኩ። ቆዳ የመሰለው ነገር ከከብት አንጀት የሚወጣ ስስ ሽፋን ነው። እርጥብ ሳለ አንገቱን ያለብሱታል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። ክሩን ፋብሪካው ውስጥ ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ ሴቶች በእጃቸው ይጠመጥሙታል። ሽቶው እንዳይተን፣ የገዛውም ሰው ማንም እንዳልከፈተው እንዲያውቅ ነው። ስለ ክዳኑም አነበብኩ። በደንብ የተሠራ ክዳን በዚያው ጠርሙስ አንገት ውስጥ እየተሽከረከረ ተሞርዶ ነው ልኩ የሚወጣው፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። እንዳይቀላቀሉ ከሁለቱም ሥር አንድ ዓይነት ቁጥር ይቀረጽባቸዋል። የእኛው ክዳን ቁጥር ግን በአንገቱ ውስጥ ስለተደበቀ አይታይም።

እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት ማለት ይቻላል። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

«ከአንጀት ነው አልሽ?»

«አዎ፣ ከከብት አንጀት።»

«ክሩንስ ማን ነው ያሰረው?»

«ሴቶች። በእጃቸው።»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ታዲያ አማቴ ምን ተሳሳቱ? አንጀት ነው አልሽ። ሴት ናት ያሰረችው አልሽ። በእጇ ነው አልሽ። እሳቸውም ያሉት ይሄንኑ ነው!»

ብዙ ባለሥልጣን በቃለ መጠይቅ አፋጥጬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ተይዤ ግን አላውቅም።

«እማየ፣ እንዳይተን ነው ያሰሩት። ለሽያጭ።»

«እሱ የሌላው ጠርሙስ ነው። ይሄኛውን እነሱ ይሰሩት እሷ ትሰረው አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። የምታውቀው እሷ ናት» አለች። ተነሥታ ከሣጥኗ የመንገድ ነጠላዋን አወጣች። «ነገ እንሄዳለን።»

ሴትዮዋ በሕይወት መኖሯን ማረጋገጥ ነበረብኝ። አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ «በሕይወት አለች» አለኝ፤ ዓይኗ ደክሟል አለ። የሰፈሯ ልጅ የሆነ የሚኒባስ ረዳትም እንደዚያው አለ። ነገ ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ሥራ ስለማይሠራ ከቤቷ አትጠፋም ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ከቡሬ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ካርቶኑን ከእናቴ ጭን ላይ አነሣው፣ ቀፎውን አወጣ፣ በሮቹን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽቶ» አለች እናቴ።

«አንገቱ ላይ ምን ታስሮበታል?» ጥፍሩን በክሩ ሥር ሰደደ።

«ተው! እንዳትነካው!» ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቱ እጁን ሰበሰበ፤ ፊቱ ተለወጠ። መታወቂያዬን አውጥቼ፣ «ስጦታ ነው። የቆየ ስለሆነ እንዳይፈስ ፈርታ ነው» አልኩት። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው።

«ለማን ነው ስጦታው?»

«ለባለቤቱ» አለች እናቴ።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ለባለቤትዎ ሽቶ!» አለና መለሰላት። ተሳፋሪው ሳቀ። እናቴ ግን እስከ ቡሬ ድረስ ክሩን የነካው የወጣቱ ጥፍር ምን ይሆን ይሆን እያለች ትጨነቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

ከቡሬ እስከ መንደሩ በባጃጅ፣ ከዚያ ነጂው እንዲጠብቀን ነግረነው በእግር ጥቂት ሄድን። በቆሎው ተሰብስቧል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። የሴትዮዋ ቤት ቆርቆሮ ነው። በግድግዳው ጥግ የአረቄ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አፋቸው ፍሬው በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። እሷ ደጃፍ ላይ ባለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዓል ስለሆነ እንዝርቷ አጠገቧ ባዶውን ተጋድሟል።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ዓይኖቿ ደመና ለብሰዋል።

«ማን ናችሁ?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረች። እናቴ ራሷን ዝቅ አደረገች። ምን እንደተባለ አልጠየቅሁም፤ አላውቅም።

«ጨርቅ አጣፊዋ ነሽ» አለች በአማርኛ። «ማንን ነው አንቱ የምትይው? ድሮ አንች ነበርኩ።»

«እንደምን ሰነበትሽ» አለች እናቴ።

«እግዜር ይመስገን። አማትሽስ?»

«አረፉ። ቆዩ።»

«ነፍስ ይማር። ምላሳቸው ግን አላረፈም፣ እዚህ ድረስ ተከትሎኛል። "የአሳሪ ክር ለሙሽራ ጋቢ አይሆንም" ተብሎ ፈትሌን የሚነካ ጠፋ። ለጆንያ መስፊያ ነበር የምሸጠው፤ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ነበር።»

«አልጠየቅሽማ።»

እናቴ አቡጀዲውን ፈትታ ካርቶኑን በሴትዮዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ብርሃን ላይ ሆኜ አንድ በአንድ የመረመርኩትን ሴትዮዋ ሳታይ ከፈተችው። ቀፎውን ወደ ላይ፣ ያውም ሳትቸኩል። ጥብጣቡን በሁለት ጣት። በሮቹ ሲከፈቱ መዳፏን በከፋዩ ላይ አሳረፈች። «የእመቤቴ ካርቶን» አለች። ጣቶቿ በሸንተረሩ ላይ ወጥተው ትከሻው ላይ ደረሱ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ቆሙ።

«አልከፈትሽውም?»

«አልከፈትኩትም።»

«እስከ ዛሬ?»

«ግድግዳ ውስጥ ነበር።»

«ይሄ ክር ነው ያስፈራችሁ?» አለችና ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር። ከቤት ውስጥ የልጅ ልጇ ምን ሆነች ብላ ብቅ አለች። ሳቁ ግን ድንገት ቆመ። «ለዚህ ነው?» አለች። «ለዚህ ነው እኔን?»

«ቆዳ... ማኅተም...» አለች እናቴ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚመጣው! እመቤቴ በትንሽ መቀስ ቁርጥ ታደርገውና ቆዳውን ትልጠዋለች። ስንቱን ስትከፍት አይቻለሁ። እኔ እኮ እንዳልከፈትኩት እንድታውቂ ነበር ክሩን ያልነካሁት። አዲስ ነው፣ ሰው አልነካውም፣ ላንች ነው ብዬ!»

እናቴ ቁልቁል አየች።

«አንች ጨርቅ ነጋዴ አይደለሽም ወይ?» አለች ሴትዮዋ። «ክር በጣት መለየት ያስተማርሽኝ አንች አይደለሽም? አንድ ቀን እንኳ ዳስሰሽዋል?»

«አልዳሰስኩትም።»

«ዳስሽው።»

እናቴ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ሴትዮዋ አንጓዋን ያዘችና በግድ ወደ አንገቱ አመጣችው። እናቴ ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችው። መጀመሪያ አልነቀነቀችውም። ቀጥላ መደቡ ላይ ስትሠራ እንደማውቃት አሻሸችው፤ ዓይኗን ጨፍና።

«ሐር ነው» አለች።

«ሌላስ?»

«ድርብ ነው። በመኪና የተከረረ። እኩል ነው፣ ጉብታ የለውም።»

«እኔ ሐር ከወዴት አመጣለሁ? ይኸው፣ የኔ ክር» ብላ አጠገቧ ካለው መሶብ ውስጥ ከተጠቀለለው የጥጥ ድውር ጫፉን መዝዛ ሰጠቻት። እናቴ አልተቀበለቻትም። ማወቅ አላስፈለጋትም። ሁለት እጇን በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ሳትንቆራጠጥ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«አፉ በይኝ» አለች።

«ቆይ። መጀመሪያ ፍቺው።»

«የሚፈታው ያሰረው ሰው...»

«ያሰረችውማ ፈረንሳይ አገር ሞታለች። አንች ፍቺው!»

እናቴ ማኅተሙን በጥፍሯ አነሣችው። ክሩን ዞር ዞር አድርጋ ፈታችው፤ አራት ዙር ነበር። ሽፋኑ በእጇ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተሰባበረ። ክዳኑን ስታዞረው ግን አልዞረም።

«አታስገድጅው፤ ይሰበራል» አለች ሴትዮዋ። «ሲደርቅ ይጣበቃል። እመቤቴ አንገቱን በእጇ ይዛ ታሞቀዋለች፤ እንደ ጫጩት። መስታወት ሲሞቅ ይለቃል።»

እናቴ አንገቱን በመዳፏ ያዘች። ሲደክማት ሴትዮዋ ትቀበላታለች። እየተቀባበሉ ያሞቁት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ክዳኑ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ከዚያ ስለ ሞቱት ሰዎች፣ ከዚያ ስለ ገበያው። አንድ ጊዜ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ይች ናት ልጅቱ?»

«እሷ ናት» አለች እናቴ።

«ነይ እስቲ።» ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። መዳፏ ሻካራ ነው፤ ከእናቴም ይሞቃል። «እንኳን ተወለድሽ፣ ልጀ። እኔ እንኳ አልከለከልኩሽም ነበር።»



ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው ተብሏል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ክዳኑ አልዞረም። ሰዓቴን አየሁ፤ ተነሥቼ ደጃፉ ላይ ተንጎራደድኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ባጃጅ ነጂው ከመንገዱ ማዶ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማየ፣ መንገዱ ይዘጋል።»

«አንች ሂጅ» አለች ቀና ሳትል። አንገቱን ይዛ ነበር። «ገና አልሞቀም።»

ነጂው ደግሞ ነፋ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ከአገዳው ክምር ጋ ስደርስ ዞሬ አየሁ። ሁለቱም በጠርሙሱ ላይ እንዳጎነበሱ ነበሩ።

ዓርብና ቅዳሜ ስልክ አልሠራም። ግንበኛው አዲሱን ግድግዳ ጨረሰ። ፈቃዴ አልቆ ነበር፤ ለአለቃዬ መልእክት የሚያደርስልኝ ሰው ፈልጌ ተጨማሪ ሁለት ቀን ጠየቅኩ። ሌላ ምንም ሥራ አልሠራሁም። የሚኒባስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ዋናው መንገድ እወጣ ነበር።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ እናቴ ከሚኒባስ ወረደች። ካርቶኑን አልያዘችም። አዲስ ጋቢ ለብሳለች፤ ፈትሉ ወፍራም፣ በእጅ የተፈተለ። ጋቢው ላይ ከዚህ በፊት ያላወቅሁት ሽታ ነበር፤ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭና እንጨት የሚመስል።

«ተከፈተ?» አልኳት።

«ዓርብ ጠዋት። እሷ ስትይዘው።»

«ጠርሙሱስ?»

«እሷ ጋ ነው። በቆረቆንዳ ወትፈነዋል።»

«አፉ አለችሽ?»

እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመሐረቧ ውስጥ ክዳኑን አውጥታ፣ «"ላንች ነው" ብላ ሰጠችኝ» አለችና በእጄ ላይ አኖረችው። ወደ መስኮቱ ወስጄ ገለበጥኩት። ከሥሩ የተቀረጸው ቁጥር እንደ ጠርሙሱ አርባ ሰባት ነው።